ለፋሲካ ያስቀመጥኩት ወተት

ለይመኙ አባት፣ ለአበጋዝ፤

ከተለያየን ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀሩት። አሁን ሁዳዴ ነው። ቅድስትን አልፈናል፣ ምኵራብንም አልፈናል፣ የፊታችን እሑድ መጻጕዕ ነው። ሌላው ሰው የሞተበትን በወርና በቀን ይቆጥራል፤ እኔ አንተን የምቆጥርህ በጾሙ ሳምንታት ነው። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። የማያውቁትም እንዲያውቁት ብዬ ነው ይህን ወረቀት የያዝኩት።

የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ብትኖር ኖሮ ሳቅህን አትችለውም ነበር። መስመሩ እንደ ሰካራም ወደ ታች ይንሸራተታል፤ አንድ ገጽ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ይሁን። ቃሉ የኔ ነው፣ ማንም አላቃናልኝም።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። የጓዳው ግድግዳ አምና ክረምት ተናደ፤ የቅሬው፣ የዕድራችን ሰዎች መጥተው ጭቃ መረጉልኝ። መሬቱን ገበሬ ማኅበሩ ለሌላ ሰጠው፤ ባል የሞተባት አሮጊት ምን ታርሳለች ብለው ጓሮውን ብቻ ተዉልኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነበር። ከዞብል በኩል የወረደው ጎርፍ ሜዳውን አጥግቦት ማሽላው ፈረስ ከነጋላቢው ይሸሽግ ነበር። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔ ዳር ቆሜ አየሁትና ተናደድኩ። ያኔ የት ነበርክ አልኩት፣ ማሽላውን።

ዘሀራ ደህና ናት። አሁንም አጥር ለአጥር ነን። ይመኙ ዋጃ አግብታለች። ሴት ልጅ ወልዳለች አሉ። አሉ ነው የምልህ፤ አላየኋትም። ከሄደች ወዲህ ለገናም፣ ለጥምቀትም፣ ለፋሲካም ደጄን ረግጣ አታውቅም። ዋጃ ማለት ደግሞ ጠዋት ተነስቶ በእግር የሄደ ሰው ለምሳ የሚደርስበት ነው። ርቀቱ የመንገዱ አይደለም።

እኛ ቤት ማለዳ የሚጀመረው በአንድ ጥያቄ ነበር። ገና ከመደቡ ሳትወርድ፣ «አንቺ፣ ዛሬ ማን ነው?» ትለኛለህ። የምትጠይቀው ታቦቱን ነው። አቦ ነው፣ ሥላሴ ነው፣ ሚካኤል ነው ካልኩህ ሞፈሩን አትነካም፤ ባዶ ቀን ነው ካልኩህ በሬዎቹን ፈትተህ ትወርዳለህ። እናቴ በጣቶቿ አንጓ እየቆጠረች ያስተማረችኝን እኔም በጣቶቼ አንጓ ይዤው ነበር፤ ወርኃዊውን፣ ዓመታዊውን፣ የሚሰገድበትን፣ የሚጾመውን፣ የሚገደፈውን። አንድ ቀን ስቼ አላውቅም። ጎረቤቱም «ቄሱ ሩቅ ነው፣ ዘውዴ ቅርብ ናት» እያለ እኔው ዘንድ ይመጣ ነበር። ዘሀራ እንኳ እስላም ሆና ሳለ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ዛሬ እናንተ ዘንድ ምንድን ነው?» ትለኛለች፤ ትልቅ በዓል ከሆነ ለኔ ክብር ብላ ሙቀጫዋን ለነገ ታሳድረዋለች።

ይህ ነበር ሀብቴ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ግን ዓመቱ በሙሉ እጄ ላይ ነበር። ኮርቼበት ነበር፣ አበጋዝ። አሁን ሳስበው ከእግዚአብሔር ይልቅ የኮራሁት በቁጥሬ ነው።

የገብርኤል ዕለት ቀበሌው እርከን ውጡ ሲል ትዝ ይልሃል? ሰዉ ሁሉ አካፋውን ይዞ ወጣ። እኔ ግን በር ላይ ቆሜ «ዛሬ ገብርኤል ነው፣ አትወጣም» አልኩህ። አልወጣህም። ሁለት ቀን አሰሩህ። ስትፈታ ፂምህን እያከክ ገባህና «ገብርኤል እዚያ አልነበረም፣ ቁንጫ ግን ሞልቶ ነበር» አልከኝ። ሳቅን። እንደዚያ ነበርክ። የማታምንበትን እንኳ እኔ ካልኩህ ታደርገዋለህ። ያን ጊዜ ፍቅርህ መሰለኝ፤ ፍቅርህም ነበር። ለኔ ዓይነቷ ሴት ግን እንደዚህ የሚታዘዝ ባል ሊሰጣት አይገባም ነበር።

መጀመሪያ ያየኸኝም እንዲሁ ስቆጥር ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ ሶለል ስንጫወት፣ ቅጠላችንን ወገባችን ላይ አስረን እየዘፈንን ደጃችሁ መጣን። እናትህ ደስ ብሏት አንድ ቅል እርጎ አወጣችልን። ልጃገረዱ ሁሉ ለሁለት ሳምንት ያላየውን ነጭ ነገር አይቶ ሊሻማ ሲል «ዛሬ ዓርብ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እጆቹ ሁሉ ተመለሱ። ቅሉ እንደሞላ ወደ ቤት ገባ። አንተ ከበረቱ አጥር ላይ ተቀምጠህ ነበር። «ይቺን ያገባ ሰውዬ ሳይጠየቅ ገነት ይገባል» አልክ፤ ጓደኞችህ አውካኩ። እኔ ደግሞ ምስጋና መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ወገቤን እየያዝኩ ዞር ዞር ብዬ እስካሁን አመለጥኩት።

በዚያ ክፉ ዓመት በሬው ሞተ፣ ላሟ ሞተች፣ ዘር እህሉን በላነው። ከቆቦ ዳር መጠለያው ሲተከል አንተ መሄድ አቅቶህ ነበር፤ እግርህ አብጦ፣ ሆድህ ውኃ እንኳ አልይዝ ብሎ። ይመኙ ነበረች የምትሄደው። ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ በፀሐይ ተሰልፋ፣ የሰጧትን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመለሳለች። ስንዴ ነበር የምታመጣው። በመጻጕዕ ሳምንት ግን ነጭ ዱቄት ይዛ መጣች፤ የወተት ዱቄት። ጤና ረዳቱ የአባቷን ነገር ስትነግረው ጊዜ የሰጣት ነው። «እማዬ፣ በፈላ ውኃ በጥብጠሽ በቀን አራቴ፣ ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ አጠጪው አለኝ። ስንዴውን አሁን ሆዱ አይችለውም አለኝ» አለች። ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ። መስማቴን ተጠራጥራ ነበር።

ሰምቻለሁ። ተቀበልኳት፣ በንጹሕ ቅል ገለበጥኩት፣ አፉን በጨርቅ አሰርኩ፣ ከምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። «ለፋሲካ ይገድፍበታል» አልኳት።

ልጅቷ ቀና ብላ ቅሉን አየች። ከዚያ «ሐኪም ነው ያዘዘው እኮ» አለች። «ሐኪሙ ጾሙን አልሠራውም» አልኳት። ልቤ ሙሉ ነበር። ዕድሜ ልኩን የጾመ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ቅባት ነክቶ ነፍሱን እንዲያጣ ነው? በዚያ ላይ ደስታም ነበረኝ፤ ሌላው ቤት ለፋሲካ የሚገደፍበት ጠፍቶ ሳለ ያንተ ተሰቅሎ ነበር። ላንተ ያስቀመጥኩት መሰለኝ። ላንተ ነበር ያስቀመጥኩት። አንድ ጉርሻ ለራሴ አልነካሁም፤ ይህን ታውቃለህ።

መደብህ ከምሰሶው ፊት ለፊት ነበር። ዓይንህ ሲከፈት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ቦታውን እንኳ አልቀየርኩልህም።

መጀመሪያ ቀን «ምንድን ነው ያ?» አልክ። የፋሲካህ ነው አልኩህ። «አምስት ሳምንት አለ እኮ» አልክ። አምስት ሳምንት ምን አላት አልኩህ። በሌላው ሳምንት ዘሀራ ልትጠይቅህ መጣች። ቅሉን አየች፣ አንተን አየች፣ ወደ ውጭ ጠራችኝ። «እቴ፣ ለታመመማ ጾም የለም። የኛ ረመዳን እንኳ በሽተኛን ይምራል፤ የናንተ ጌታ ከኛው ይጨክናል?» አለችኝ። «አንቺ በረመዳንሽ እወቂ፤ ሁዳዴን ለኔ ተዪው» አልኳት። ሃያ ዓመት ክፉ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

አንተ ግን አልተቆጣኸኝም። ብትቆጣኝ ኖሮ። ተነስተህ ብትሰርቀው ኖሮ። ቀልድህ እንኳ አልተለየህም፤ አንድ ቀን ከንፈርህ ደርቆ «ዘውዴ፣ እግዜር ጎድኔን ቢቆጥር ይበቃው ነበር፤ ጾሜንም ይቆጥራል?» አልከኝ። ሌላ ቀን ድምፅህ ከጉሮሮህ አልወጣ እያለ፣ ጣትህን ወደ ምሰሶው አንስተህ፣ «ጣቴን ብቻ ነክሬ ልላሰው» አልክ። ጣቴን ብቻ። አጠገብህ ተቀምጬ ግንባርህን እየዳበስኩ «የደረስክበትን አታፍርሰው፤ ትንሽ ነው የቀረህ፤ ታገሥ» አልኩህ። አንተም «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አልክ።

እሺ ያልከው ነው የሚገድለኝ። የለመንከኝንስ አንዳንድ ቀን እችለዋለሁ።

ከገብር ኄር በኋላ ባለው ረቡዕ ሞትክ። ለፋሲካ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ ነኛ የምቆጥረው።

የቀበሩህ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ መሸከም የሚችል የተገኘው ያ ብቻ ነበር። ተዝካርም አላወጣሁልህም፤ በምን አውጥቼ። በፋሲካ ጠዋት ቅሉን አውርጄ ለዘሀራ ልጆች ሰጠሁት። ዘሀራ ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ስታለቅስ አየኋት። ይመኙ በዚያው ሳምንት ልብሷን ሸክፋ ወጣች። ከደጅ ዞራ «ተሰልፌ ያመጣሁለት እኔ ነበርኩ» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም፤ እስከ ዛሬም አልተናገረችም።

አንድ ዓመት ሙሉ ትክክል ነኝ ብዬ ኖርኩ። ሲያመኝ እንኳ ጾምኩ፤ ላንተ ያልፈቀድኩትን ለራሴ አልፈቅድም አልኩ። ሰው «ጾሙን ሳይፈታ ያረፈ ብፁዕ ነው» ሲለኝ ተጽናናሁ።

ከዚያ መሠረተ ትምህርት መጣ። የተመዘገብኩት ወድጄ አይደለም፤ ያልተመዘገበ ቀበሌ ጉዳዩ አይፈጸምለትም ስለተባለ ነው። ከደሴ የመጣች ለጋ አስተማሪ ከዋርካው ጥላ ሥር ሰሌዳ አቁማ አስተማረችን። አንተ በመጀመሪያው ዙር ስትማር «ያረጀ በሬ አዲስ ቀንበር ሊለምድ» እያልኩ ስቄብህ ነበር። ቁጥር የለመደ ጭንቅላት ፊደልም ይይዛል መሰለኝ፣ በዓመቱ ማንበብ ቻልኩ። ዲያቆኑ የአማርኛ ወንጌል አዋሰኝ። የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁዳዴ የተጻፈበትን ቦታ አግኝቼ፣ ዋጃ ድረስ ተሸክሜው ሄጄ፣ ለይመኙ ላሳያት። ልረታት ነበር የተማርኩት ማለት ነው።

በቀን አንድ ገጽ እንኳ አልሄድም ነበር። ልደቱን አገኘሁ፣ ጥምቀቱን አገኘሁ፣ ሆሳዕናን ከነውርንጭላው ከነዘንባባው አገኘሁ፤ ደስ አለኝ፣ የማውቃቸውን ሰዎች ገበያ ላይ እንዳገኘሁ ሆንኩ። ቡሄን ስፈልግ ተራራውን አገኘሁና ሙልሙሉን አጣሁት። ሶለልን ጭራሽ አጣሁት። ሁዳዴን ስፈልግ ሐምሳ አምስት ቀን የለም፤ አርባው አለ። እሱም ጌታ ራሱ በምድረ በዳ የጾመው ነው። ሌላውን ሰው ሲያስጾም ግን አላገኘሁም። ሲያበላ ነው የማገኘው። ገጹን በገለጥኩ ቁጥር ሲያበላ ነው። በሣር ላይ አስቀምጦ ያበላል፣ በባሕር ዳር ዓሣ ጠብሶ ያበላል።

በዓሎቻችንን አባቶች ሠርተዋቸዋል፤ አልተቃወምኩም። እነሱ ባይኖሩ ይህ የቆላ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከበሬው ጋር በሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ሚካኤል ባይኖር አንተ መቼ ታርፍ ነበር? የጎዳኝ እሱ አይደለም። ቀኑን ሁሉ ሳውቅ ቀኑ ለምን እንደ ተሠራ አለማወቄ ነው።

ከዚያ መጻጕዕ ላይ ደረስኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን በሽተኛ ተነስ ብሎ አስነሳው፤ ዕለቱ ሰንበት ነበር። እዚያ የቆሙት ሰዎች ሰውየው በመዳኑ ደስ አላላቸውም። ዛሬ ሰንበት ነው፣ መኝታህን ልትሸከም አልተፈቀደልህም አሉት። አበጋዝ፣ እዚህ ላይ መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ። ድምፁን አወቅኩት። የኔ ድምፅ ነው። «ዛሬ ዓርብ ነው» ያልኩበት፣ «ዛሬ ገብርኤል ነው» ያልኩበት፣ «ትንሽ ነው የቀረህ» ያልኩበት። አንተ በተኛህበት ዓመት በዚያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ይህንኑ ወንጌል ሰምቼዋለሁ። በግዕዝ ተነበበ፣ እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ ተሳለምኩ፣ ወደ ቤቴ ገባሁ። ይመኙ ወተቱን ይዛ የመጣችው በማግስቱ ነው።

ሌላም አለ፤ ይህን ባላነበብኩት እወድ ነበር። የሞተችውን ልጅ እጇን ይዞ ካስነሳት በኋላ ወላጆቿ ገና ሲደነግጡ የተናገረው ምን መሰለህ? የምትበላው ስጧት ነው ያለው። ዛሬ ማን ነው ብሎ አልጠየቀም።

በጎርፍ ጊዜ ከብት እንደሚጮኸው ጮህኩ። ዘሀራ በአጥሩ ዘልላ መጣች። ምን ሆንሽ ስትለኝ በጣቴ መጽሐፉን አሳየኋት። እሷ ማንበብ አትችልም። አቅፋኝ ተቀመጠች።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ካድሬው ቤቴ ድረስ መጥቶ «እናት ዘውዴ፣ ይህን ልምድ በስብሰባ ላይ ለሰፊው ሕዝብ ቢያካፍሉ ጥሩ ነው፤ ሃይማኖት ምን እንደሚያደርግ ሕዝቡ ይማርበታል» አለኝ። በዚያ ክፉ ዓመት እነሱም የአብዮታቸው በዓል ነበራቸው፤ ከተማው ቀይ ጨርቅ ለብሶ ሲጨፍር እኛ ሬሳ እንለቅም ነበር። «ልጄ፣ ወተቱን የከለከልኩት እኔ ነኝ። እህሉን ማን እንደከለከለ አንተ ተናገርና እኔ ከዚያ በኋላ እናገራለሁ» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ወጣ። ቢያስሩኝም ይሰሩኝ፤ ቁንጫው ካንተ ጊዜው አይብስም።

እግዚአብሔርን አልካድኩም። ብክደው ይቀለኝ ነበር፤ የሚጠይቀኝ አይኖርማ።

የፈራሁት ነፍስ አባታችንን ነው፣ መምሬ ተድላን። የምጠይቃቸውን ነገር መልሱን አውቄው ነበርና ነው የፈራሁት። ዘንድሮ በቅድስት ሳምንት ግን ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ለሰላምታ እንኳ አልቆየሁም። «አባ፣ ለታመመ ሰው ሁዳዴ አለበት?» አልኳቸው። «የለበትም። ሥርዓቱ ለበሽተኛና ለአራስ ይፈቅዳል፤ ለነፍስ አባት ይነገራል፣ እሱም ይፈታል። ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ። መንገድ እንደጠየቃቸው መንገደኛ ነበር የመለሱልኝ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ካንተ መደብ እስከዚያ ግንብ ድረስ ስንት እርምጃ ነው?

ነገርኳቸው። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሰሙኝ። በመጨረሻ «ምነው ሳትጠይቂኝ?» አሉ።

«እርስዎስ ምነው ሳይነግሩን? ከመሞቱ በፊት መጥተው ጸሎት አድርሰውለታል። ከጎኑ ተቀምጠው ነበር።»

«ሰው ቅጠል በሚቀቅልበት ዓመት ስለ ወተት መናገር መሳለቅ መሰለኝ» አሉ። ውሸት አይደለም። ደግሞም ምን ያድርጉ፤ ዘውዴ ቅርብ ናት ሲባል ሰምተዋል። እኔ ካለሁ የሚያስፈልጉ አልመሰላቸውም።

ከዚያ ንስሐ ሰጡኝ። አርባ ቀን ጾም፣ ከስግደት ጋር። እዚያው ፊታቸው ሳቅኩ፤ ክፉ ሳቅ። «አባ፣ መጾምማ አውቅበታለሁ። ባሌን የቀበርኩት በሱ ነው። የማላውቀውን ነገር ይስጡኝ» አልኳቸው። ደነገጡ። ምን ትፈልጊያለሽ ሲሉኝ፣ ለሕዝቡ በአማርኛ ይንገሩ፣ የታመመ አይጹም፣ የተጠራጠረ ይጠይቅ ይበሉ አልኳቸው። «ይህማ የታወቀ ነው» አሉ። ለማን? አልኳቸው። ካድሬዎቹ ቃሉን ይዘው ጾም ቀረ እያሉ እንዳይሳለቁበት ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውን አውቃለሁ፣ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ግን በዚህ ሜዳ ላይ ዛሬም የሚታመም ሰው አለ። ዛሬም እንደ እኔ በጣቷ የምትቆጥር፣ ልቧ የሞላ፣ ማንንም የማትጠይቅ ሴት በያጎራባቹ አለች። እኔው ራሴ አስተምሬአቸው የለ።

መምሬ መሬቱን እያዩ፣ «መጻጕዕ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲወጣ ከቅጥሩ ደጅ ብትቆሚ የሚከለክልሽ የለም» አሉኝ። እርስዎስ ከጎኔ ይቆማሉ? ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አይሆንም እንዳይሉኝ ፈራሁ።

እንግዲህ እሑድ ይህን ወረቀት እዚያ ደጅ ላይ አነበዋለሁ። ሁሉንም፤ ጣቴን ብቻ ያልከውንም ጭምር። ቀስ እያልኩ፣ ፊደል እየለቀምኩ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ይይዙ ይሆናል። ጾም አስፈቺ ይሉኛል፣ የካድሬ አፍ ይሉኛል፣ ባሏን ገድላ ወሬ ታደርገዋለች ይሉኛል። ከሦስቱ የመጨረሻውን አልክድም።

ለይመኙ በአንድ ነጋዴ በኩል ልኬላታለሁ። «አንቺ ትክክል ነበርሽ» በሏት አልኩት፤ ሌላ መልእክት አልጨመርኩም። ትመጣለች ብዬ አልጠብቅም። ብትመጣም ለምን ታዪኛለሽ ብላ ፊቷን ብታዞር መብቷ ነው። ሌሊት ሌሊት ግን ያላየኋትን የልጇን ፊት አስባለሁ፤ ያንተን አፍንጫ ወርሳ እንደሆነ።

ይቅር በለኝ አልልህም። አንተ እሺ ማለት ትወዳለህ፤ እዚያም ሆነህ «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ትለኝ ይሆናል፣ እኔም እሱን መስማት አልችልም። ስለዚህ አልለምንህም።

ተዝካርህን አላወጣሁም፤ ከእንግዲህም የማወጣው እህልና ጠላ አይደለም። ሰው ለሙታኑ ዳቦ ይቆርሳል። እኔ በየዓመቱ፣ በመጻጕዕ እሑድ፣ እግሬ እስከቻለ ከዚያ ደጅ እቆማለሁ። ስምህን ጠርቼ፣ በሚሰማ ድምፅ፣ ለምኖኝ ነበር፣ ከለከልኩት እላለሁ። መቆም ሲያቅተኝ ተሸከሙኝና አድርሱኝ እላቸዋለሁ። እሱንም እምቢ ካሉኝ ከመደቤ ላይ ሆኜ እለዋለሁ፤ ሰሚ ቢኖርም ባይኖርም።

ዘውዴ